አገር ሲጠቀለል አንዱ «ዱር ቤቴ» የሚለው ሌላው ዝም የሚለው ለምንድነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ፒያሳ ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣ ሰው ዙሪያውን ቀና ብሎ ቢያይ የጥልያን ህንፃ ነው የሚያየው፣ ፖስታ ቤቱ በሉት ሲኒማው በሉት፣ አውቶ ፓርኮ የምንለው ሰፈር እንኳ ስሙ የነሱ ነው፣ እና ወሬው ዞሮ ዞሮ አርበኞቹ ላይ ይደርሳል። ከዛ ጥያቄው ይመጣል፣ እኛ አምስት አመት ስንዋጋ ሌላው አገር ለምን በአንድ ቀን እጁን ሰጠ ይባላል። ይሄን ሰዎች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ አንድ ላይ ሰብስቤ ጻፍኩት። የኛን ታሪክ ቀን በኛ አቆጣጠር፣ የውጪውን በፈረንጅ አድርጌዋለሁ፣ እንዳይምታታባችሁ።

መጠቅለል ስትል ምን ማለትህ ነው? ከወረራ በምን ይለያል?

ወረራ ጦር ይዞ መግባት ነው፣ የገባው ጦር ነገ ሊወጣ ይችላል። መጠቅለል ግን «ይሄ መሬት ከዛሬ ጀምሮ የኔ ነው፣ ህዝቡም የኔ ተገዢ ነው» ብሎ ማወጅ ነው። ሙሶሊኒ ሚያዝያ 27፣ 1928 ጦሩ አዲስ አበባ ከገባ ከአራት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 1 ማለትም በልደታ ቀን፣ ኢትዮጵያ የጣሊያን ናት ብሎ አወጀ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር ቀላቅሎም የጣሊያን ምስራቅ አፍሪካ አላት። ጎንደር የአማራ ግዛት የሚሉት ዋና ከተማ ሆነች፣ እነዛ ህንፃዎችም የተሰሩት ለዚሁ ነው፣ ሊቆዩ ነበር እቅዳቸው።

ልዩነቱ የወረቀት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። አንዴ ከተጠቀለልክ የምትዋጋው እንደ አንድ አገር ወታደር አይደለም፣ «ሽፍታ» ነው የምትባለው፣ ስትያዝ ምርኮኛ ሳይሆን ወንጀለኛ ነህ፣ ትሰቀላለህ። ያስጠለለህ ገበሬም እንዲሁ። ቀጥሎ የማወራው ነገር ሁሉ ከዚህ ነው የሚመዘዘው።

ልዩነቱ ያው ጀግንነት አይደለም እንዴ?

አይደለም፣ ይሄን ስል ብዙ ሰው ይቆጣኛል ግን አይደለም። አያቴ የደምቢያ ገበሬ ነበሩ፣ እና አርበኛ ነበሩ። ልጅ ሆኜ ጥልያን ሲገባ ወዲያው የወጡ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ሲያጫውቱኝ ግን የመጀመሪያውን አመት እርሻቸው ላይ ነው ያሳለፉት፣ ግብሩንም ከፍለዋል፣ የወጡት ጠመንጃ አምጡ ተብሎ ጎረቤታቸው «የለኝም» ሲል ገበያ መሀል ከተሰቀለ በኋላ ነው። ሰውዬው እውነትም አልነበረውም። «ለሌለው ከሰቀሉ ላለኝ ምን ሊያደርጉ ነው» ብለው ያንኑ ሌሊት ወጡ። ጀግንነታቸውን ማንም አይወስድባቸውም፣ ግን ያው ጀግና እኮ ነው አንድ አመት ሙሉ ያረሰው፣ ስለዚህ ጀግንነት ብቻውን መልስ ሊሆን አይችልም።

በጣም ጥሩ ማሳያ የሚሆኑት ሊትዌኒያ፣ ላትቪያና ኢስቶኒያ ናቸው። በ1940 ሶቪየት ህብረት ሰኔ ላይ ማስጠንቀቂያ ሰጥታ ጦር አስገባች፣ ነሐሴ ላይ ሶስቱንም ጠቀለለቻቸው፣ መንግስቶቻቸው አትተኩሱ አሉ፣ ይህ ነው የሚባል ውጊያም አልተደረገም። ሰው ቢያይ እነዚህ ህዝቦች አይዋጉም ይል ነበር። እነዚሁ ህዝቦች ሶቪየት ጀርመንን አባሮ በ1944 ተመልሶ ሲመጣ ጫካ ገቡ፣ የጫካ ወንድሞች ይባላሉ፣ ሊትዌኒያ ውስጥ በተደራጀ መልኩ እስከ 1953 ገደማ ተዋግተዋል፣ ወደ 20 ሺ የሚሆኑ ተዋጊዎች እዛ ብቻ ሞተዋል። ሰዉ ያው ነው፣ መሬቱ ያው ነው፣ ጠቅላዩም ያው ነው። በአራት አመት ውስጥ ደማቸው አልተቀየረም።

ታዲያ ምን ተቀየረ?

በመሀል ያዩት ነገር። ሰኔ 1941 ላይ ሶቪየቶች በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው፣ ህፃንና አሮጊት ሳይቀር፣ በባቡር ጭነው ወደ ሳይቤሪያ ላኩ። ስለዚህ በ1944 ሲመለሱ ቤት መቀመጥ ምን እንደሚያስከትል ሁሉም አውቆታል። በዛ ላይ ወጣቱን በግድ ለጦር ሰራዊት መመልመል ጀመሩ፣ የአስራ ዘጠኝ አመት ልጅ ምርጫው ሁለት ሆነ፣ ወይ ለጠቀለለው ጦር በርሊን ድረስ ሄዶ መሞት ወይ ጫካ። ጀርመን ጥሎት የሄደው መሳሪያ ደግሞ ሞልቷል። (የጀርመኑም ጊዜ ንፁህ አልነበረም፣ በነዛ አመታት አይሁዶች በገፍ ሲታረዱ የናዚ ተባባሪ የነበሩ የአገሩ ሰዎች ነበሩ፣ ይሄን ዘሎ ታሪኩን ማውራት ደስ አይለኝም።)

እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ስር የሰደደ አቋም አለኝ፣ እሱም ይሄ ነው፦ ጦርነቱን ትልቅ የሚያደርገው መጀመሪያ የወጣው ሰው አይደለም፣ ቤቱ የቀረው ነው። መጀመሪያ የሚወጡት ሁልጊዜ ጥቂት ናቸው፣ የድሮ ባላባት፣ ወታደር፣ ተማሪ፣ እና ሁሉም አገር ላይ አሉ። ጠቅላዩ እነዛን ጥቂቶች ሲያድን ቤቱ የቀረውን ሰው ምን አደረገው? መልሱ እዛ ላይ ነው።

የኛን ብታዩት ቀኑ ራሱ ይናገራል። ግንቦት 1928 ላይ ሲታወጅ ከዘመቻው የተረፉት መኳንንት በየቦታው ይዋጋሉ፣ ግን አብዛኛው ገበሬ ከማይጨው ተመልሶ ክረምቱን እርሻው ላይ ነበር። የካቲት 12፣ 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ከዛ ሶስት ቀን አዲስ አበባ ላይ ያገኙትን ገደሉ፣ የኢትዮጵያ መንግስት ሟቹን 30 ሺ ይለዋል። ግራዚያኒ እዛ ላይ አልቆመም፣ አዝማሪውን፣ ጠንቋዩን፣ በየመንደሩ የሚዞረውን ባህታዊ ሁሉ ወሬ ያዛምታል ብሎ እንዲገደል አዘዘ። አዝማሪ! ጎንደሬ ይሄን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ታውቃላችሁ። ግንቦት ላይ ደብረ ሊባኖስን ፈጁ፣ ራሳቸው ባመኑት ቁጥር እንኳ 297 መነኮሳት፣ ትክክለኛው ከዛ በጣም ይበልጣል። እና ትልቁ አመፅ መች ተነሳ? በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ መስከረም ላይ፣ ላስታ ላይ በነ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ፣ ጎጃምና በጌምድር ደግሞ ተከትለው። ግራዚያኒ ሰውን ላስፈራ ብሎ ያደረገው ነገር ያላሰቡትን ሰዎች አስወጣቸው፣ ሮም ራሷ ገብቷት ከጥቂት ወር በኋላ አንስታ የአኦስታውን መስፍን ተካችው፣ እሱ ለዘብ ለማለት ሞክሯል ግን ዱር የገባው ገብቷል።

ጭካኔ ከበዛ እኮ ሰው ፈርቶ ዝም ይላል፣ ይሄስ?

ትክክል ነው፣ ይሄ ጥያቄ ጥሩ ነው። ጭካኔ ዝም የሚያሰኘው ዝም ያለውን ሰው ካልነካ ነው። «ካልወጣሁ አይነኩኝም» የሚለው ነገር እውነት እስከሆነ ድረስ ብዙ ሰው አይወጣም፣ ልጆች አሉት፣ ከብት አለው፣ አይፈረድበትም። ቤትህ ተቀምጠህም የምትሰቀል ከሆነ ግን ጫካው የተሻለ ቦታ ሆነ ማለት ነው፣ እዛ ቢያንስ ጠመንጃ አለህ። አያቴ ያሉት ነገር ይሄው ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ መውጫ መንገድና መሳሪያ ከሌለ ንዴት ብቻውን የትም አይደርስም። ኮሪያን ውሰዱ። ጃፓን ነሐሴ 1907 ላይ የኮሪያን ሰራዊት በተነች፣ የተበተነው ወታደር ጠመንጃውን ይዞ «ጻድቃን ሰራዊት» ከሚባሉት ገበሬዎች ጋር ተቀላቀለ፣ ነገሩ በአንዴ ጦዘ። ጃፓን ግን ሁለት ሶስት አመት አሳዳ ጨፈጨፈቻቸው፣ እና በ1910 በይፋ ስትጠቀልል አገር ውስጥ የቀረው ተዋጊ ትንሽ ነበር፣ የተረፈው ወደ ማንቹሪያ ተሻገረ። ጃፓን ዋናውን አመፅ ቀድማ ጨፍልቃ ኋላ ነው ያወጀችው፣ ለዛ ነው 1910ን ብቻ የሚያይ ሰው ኮሪያዎች አልተዋጉም ብሎ የሚሳሳተው።

ዝም ያሉትን አገሮች ንገረኝ እስኪ፣ ኦስትሪያን ለምሳሌ

ኦስትሪያ፣ መጋቢት 1938። ቻንስለሩ ሹሽኒግ በራዲዮ ቀርቦ ጦሩ እንዳይዋጋ ማዘዙን ተናገረ፣ በማግስቱ ሂትለር ገባ፣ ብዙ ህዝብ አበባ ይዞ ነው የተቀበለው። ብዙዎች ራሳቸውን ጀርመን ነን ብለው ስለሚያስቡ ተጠቀለልን ብለው አልተሰማቸውም። ለተቃወሙትና ለአይሁዶቹ ሲኦል ነበር፣ ግን እነሱ ብቻቸውን ነበሩ።

ህንድ ጠረፍ ላይ የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት የነበረችው ጎዋ ደግሞ ተገላቢጦሽ ናት። ህንድ ታህሳስ 1961 ስትገባ የፖርቱጋሉ ሳላዛር እስከ መጨረሻው ሰው ተዋጉ ብሎ አዘዘ፣ ገዢው ግን በሁለት ቀን ውስጥ እጁን ሰጠ፣ ህዝቡም ለፖርቱጋል ብሎ ጫካ አልገባም፣ ለማን ብሎ? 451 አመት የገዛው ባዕድ ነው የወጣው።

ሲኪም የምትባል ሂማላያ ላይ ያለች ትንሽ የንጉስ አገር ነበረች፣ ህንድ በ1975 ጠቀለለቻት። የንጉሱን ዘብ መሳሪያ አስፈቱት፣ ሪፈረንደም ተደረገ፣ 97.5 ፐርሰንት እሺ ተባለ። ቁጥሩን እንዳለ አልውጠውም፣ ወታደር ከተማ ውስጥ እያለ የሚደረግ ምርጫ ሁሌ ያጠራጥራል። ግን ከህዝቡ አብዛኛው ኔፓልኛ ተናጋሪ ነው፣ ከንጉሱ ጋር ለአመታት ሲጣላ ነበር፣ ከተጠቀለለ በኋላም መሬቱን ማንም አልነጠቀውም፣ ምርጫና የክልል ምክር ቤት አገኘ። ምን ሆኖ ይውጣ?

ሃዋይ ላይ ግን ህዝቡ አልፈለገም፣ ይሄ ግልፅ ነው። ንግስቲቱ ሊሊኡኦካላኒ በ1893 ከተገለበጡ በኋላ በ1895 የትጥቅ አመፅ ተሞክሮ በቀናት ከሸፈ። ከዛ በ1897 ከ21 ሺ በላይ ሃዋያውያን ፊርማ አሰባስበው ዋሽንግተን ላኩ፣ ከባህር ማዶ የመጣ በሽታ ከጨረሰው ህዝብ ውስጥ ይሄ ማለት ከግማሽ በላይ ነው። አሜሪካ በ1898 ጠቀለለችው። ሰላማዊ በር ክፍት የመሰለበት ቦታ ሰው መጀመሪያ በሩን ነው የሚያንኳኳው።

ሩሲያ በ2014 ከዩክሬን የጠቀለለቻት ክሬሚያም ወደዚህ ትጠጋለች፣ እዛ የነበረው የዩክሬን ጦር ተኩሱ የሚል ትዕዛዝ አልመጣለትም፣ ከነዋሪውም ብዙው ሩሲያኛ ተናጋሪ ነበር። ከስምንት አመት በኋላ ሩሲያ ሌሎች አራት የዩክሬን ግዛቶችን ስትጠቀልል ግን ሙሉ ጦርነት ላይ ነበረች።

ጎረቤት አገር ያስጠልላል አያስጠልልም የሚለው ምን ያህል ይወስናል?

ብዙ ሰው ዋናው እሱ ነው ይላል። እኔ ለመቆየት እንጂ ለመጀመር ወሳኝ አይመስለኝም።

ምዕራባዊ ሰሃራን እዩ። ሞሮኮ ህዳር 1975 ላይ ወደ 350 ሺ ሲቪል አሰልፋ «አረንጓዴው ጉዞ» ብላ ገባች፣ ሞሪታኒያም ከደቡብ። የሰሃራውያኑ ነፃ አውጪ ድርጅት ፖሊሳሪዮ አልጄሪያ ቲንዱፍ ላይ ካምፕ ስላገኘ ሞሪታኒያን በ1979 አስወጥቶ ከሞሮኮ ጋር እስከ 1991 ተዋጋ። ዛፍ የሌለው በረሃ ላይ አስራ ስድስት አመት፣ ያለ አልጄሪያ የማይታሰብ ነው። ሞሮኮ መልስ ያደረገችው ወደ 2,700 ኪሎ ሜትር የሚሆን የአሸዋ ግንብ ነው።

ምስራቅ ቲሞር ደግሞ ጎረቤት የሚባል የላትም፣ ግማሽ ደሴት ናት፣ ሌላው ግማሽ የጠቀለለቻት የኢንዶኔዥያ ነው። ታህሳስ 1975 ተወረረች፣ በ1976 ሀያ ሰባተኛ ክፍለ ሀገር ተባለች። የተዋጉት ፖርቱጋል ጥላ በሄደችው ጠመንጃ ነው፣ በ1978 መጨረሻ ተራራ ላይ የነበሩት ቤዞች ፈረሱ፣ መሪያቸው ኒኮላው ሎባቶ ተገደለ፣ በቃ አለቀ ተባለ። አላለቀም፣ ከተማ ገባ። ተማሪው፣ ቄሱ፣ የመንግስት ሰራተኛው መልእክትና መድሃኒት አቀባይ ሆነ፣ እኛ «የውስጥ አርበኛ» የምንለው ማለት ነው፣ እነ ሸዋረገድ ገድሌ አዲስ አበባ ላይ ሲሰሩት የነበረውን። በ1999 ህዝቡ ድምፅ ሲሰጥ 78.5 ፐርሰንቱ ነፃነት አለ፣ 2002 ላይ አገር ሆኑ።

የኛ የመተማ ድንበርስ ካላችሁ፣ እንግሊዝ የጣሊያንን ግዛትነት በ1938 በፈረንጅ እውቅና ሰጥታ ነበር፣ ስለዚህ ሱዳን ለአርበኞች የተከፈተችው ሙሶሊኒ ሰኔ 1932 ላይ ከጀርመን ጎን ቆሞ ጦርነት ሲያውጅ ነው። አርማጭሆ ላይ እነ ውብነህ ተሰማ፣ አሞራው ውብነህ፣ ከዛ በፊት አመታት ሙሉ የተዋጉት ከጥልያኑ በሚማርኩት መሳሪያና ገበሬው በሚያበላቸው እህል ነው።

የገበሬው ጎተራ ከድንበር ይበልጣል የምለውም ለዚህ ነው። ሊትዌኒያ ላይ የጫካ ወንድሞችን የጨረሳቸው ተኩስ ብቻ አይደለም። መጋቢት 1949 ሶቪየቶች ከሶስቱ አገሮች በጥቂት ቀናት ወደ 90 ሺ ሰው ጭነው ወሰዱ፣ የቀረው ገበሬ እርሻውን ለመንግስት የጋራ እርሻ አስረከበ፣ ከዛ በኋላ ጫካ ላለው ልጁ የሚሰጠው ዳቦ የራሱ አልሆነም። ጎተራው ባዶ ሲሆን ጫካው ባዶ ሆነ።

ኤርትራን ለምን ትዘላለህ?

አልዘልም። ይሄን ስጽፍ ግን እጄ ይከብደኛል፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ አርበኛው እኛ አይደለንም። ስሙ ላይ ሰው ይጨቃጨቃል፣ ውህደት ነው የሚል አለ፣ መጠቅለል ነው የሚል አለ፣ ኤርትራ ውስጥም መጀመሪያ አንድነቱን ከልቡ የሚፈልግ ብዙ ህዝብ ነበር። የሆነውን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

በተባበሩት መንግስታት ውሳኔ መስከረም 1945 ላይ በፌዴሬሽን ተቀላቀለች፣ የራሷ ፓርላማ፣ ባንዲራ፣ ቋንቋዎች፣ የሰራተኛ ማህበራት ይዛ። ከዛ አንድ በአንድ ተነቀለ፣ ፓርቲዎች ታገዱ፣ ትግርኛና አረብኛ ተገፍተው አማርኛ ገባ፣ በ1951 ባንዲራው ወረደ። ሐሚድ እድሪስ አዋቴ ነሐሴ 1953 ላይ ከጥቂት ሰዎች ጋር መተኮስ ሲጀምር ፌዴሬሽኑ ገና በወረቀት ላይ ነበር፣ ህዳር 1955 ፓርላማው ራሱን አፍርሷል ተባለና እሱም አለቀ።

ያኔ ግን ገና ትልቅ ጦርነት አልነበረም፣ ደገኛው አብዛኛው ቤቱ ነው። ከ1959 ጀምሮ ቆላው ላይ መንደር ተቃጠለ፣ በአስር ሺዎች ሱዳን ተሰደዱ። ህዳር 1963 ከረን አጠገብ ኦና የሚባል መንደር ነዋሪው አለቀ። ከዛ አብዮት መጣ፣ ጄኔራል አማን አንዶም አስመራ ሄደው ህዝቡን አነጋገሩ፣ ኤርትራዊም ስለነበሩ ተስፋ ነበር፣ ህዳር 1967 ደርግ ገደላቸው። ጥር ላይ አስመራ ውስጥ ውጊያ ሆነና ከተማው ላይ ሲቪል ተረሸነ። በዛ ሰሞን የአስመራ ወጣት፣ ደገኛው ክርስቲያኑ፣ በሺዎች ሆኖ ወጣ። አስራ ሶስት አመት ቤቱ ተቀምጦ የነበረው ሰው ነው የወጣው። ግንቦት 1983 ላይ ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

የካቲት 12ን በየአመቱ የምናስብ ሰዎች ጥር 1967ን ለምን እንደማናይ ለራሴም ከባድ ጥያቄ ነው። እዛ የሞቱት የኛም ልጆች ናቸው፣ ከጎንደር ሄዶ ናቅፋ የቀረ ስንት አለ፣ እናቶቹ እስካሁን ያለቅሳሉ።

አለም እውቅና ካልሰጠ ይረዳል?

ጥይት አይሆንም፣ ግን በሩን ክፍት ያቆየዋል። የኛን መጠቅለል አሜሪካ፣ ሶቪየትና ሜክሲኮ አልተቀበሉም፣ አዲስ አበባ ያለው ሜክሲኮ አደባባይ ለዛ ነው የተሰየመው። ቲሞርንም የተባበሩት መንግስታት እንደ ኢንዶኔዥያ ግዛት አልቆጠራትም፣ በ1999 ምርጫ ሊደረግ የቻለው ፋይሉ ስላልተዘጋ ነው።

ጎንደር አካባቢ ይሄን ታሪክ የት ላይ አየዋለሁ?

ጣሊያን በምስራቅ አፍሪካ ለመጨረሻ ጊዜ እጅ የሰጠው እዚሁ ነው፣ ጄኔራል ናዚ ህዳር 18፣ 1934፣ ንጉሱ አዲስ አበባ ከተመለሱ ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ። ወደ ደባርቅ ስትሄዱ ወልቀፊት አለ፣ መስከረም ላይ የተለቀቀው። ወደ ደብረታቦር መንገድ ደግሞ ቁልቋል በር አለ፣ የተያዘው ህዳር 12 በሚካኤል ቀን ነው፣ ከባድ ውጊያ ነበር፣ ተሳፋሪው ብዙው ሳያውቀው ያልፋል።

ቤታችሁ የዛን ጊዜ ታሪክ የሚያውቅ ሽማግሌ ወይ ባልቴት ካለ ስልካችሁን ክፈቱና ቅዱ፣ ለነገ አትበሉ። ስንት ጥልያን ገደሉ ብላችሁ አትጀምሩ፣ እሱን ሁሉም ይጠይቃል። አባታቸው በየትኛው ወር እንደወጡ ጠይቁ፣ ክረምት ነበር በጋ፣ ከየካቲቱ በፊት ነው በኋላ፣ በዛ ሳምንት መንደሩ ላይ ማን ሞቶ ነበር፣ ቀድሞ የወጣውስ ማነው፣ ስንቁን ማን ያቀብል ነበር፣ ሴቶቹ ምን ይሰሩ ነበር። ወሩን ካላስታወሱ የበአሉን ስም ያስታውሱታል፣ ፍልሰታ ነው፣ መስቀል ነው ይሏችኋል።